ቅዳሜ የማይጫወተው

ወንድሜ ወደ ፋንታሲ ሊጉ ያስገባኝ ኳስ ታውቃለች ብሎ አይደለም። ከጓደኞቹ ጋር አስራ ሁለት ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጨዋታውንም ተወው።

«ሶ አንቺ ስምሽን ብቻ አስገቢ» አለኝ። «ማለቴ ምንም ማድረግ የለብሽም። ቁጥሩ እንዲሞላ ነው።»

ጓደኞቹ እዚሁ ዳላስ ያደጉ ናቸው። አባቶቻቸው ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የእንግሊዝን ሊግ ለማየት ሲነሱ እነሱ ይተኛሉ። እነሱ የሚያዩት የአሜሪካውን ነው። በልጅነታቸው በትምህርት ቤት አውቶቡስ የከተማችን ክለብ ስታዲየም ይወሰዱ ስለነበር፣ ሌላውን ቡድን ከቡድን አይቆጥሩትም። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ በሊጉ ከሚጫወቱት እውነተኛ ተጫዋቾች መካከል የራስሽን አስራ አንድ ትመርጫለሽ። ቅዳሜ እነሱ ሜዳ ላይ የሠሩት ላንቺ ነጥብ ይሆናል። ካፒቴን ያደረግሽው ልጅ ነጥቡ እጥፍ ነው። ከተጎዳ ወይም ካልተሰለፈ ግን ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ አንዴ ከተጀመረ በኋላ መለወጥ አይቻልም።

የመጀመሪያውን ዓመት መጨረሻ ወጣሁ። ቡድኔን በየሳምንቱ ማስተካከል እንዳለብኝ እንኳ የገባኝ ሊጉ ሊጋመስ ሲል ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ጋርላንድ ፓርክ ውስጥ ተሰበሰብን፤ በደንባቸው መሠረት የተቀናቃኛችንን ከተማ ማሊያ አልብሰው ፎቶ አነሱኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ብቻ ነበር።

እኔ የምሠራው ቤድፎርድ ውስጥ በሚገኝ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። መርፌ እሰካለሁ፣ ማሽኑን እከታተላለሁ፣ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ ክብደት እመዘግባለሁ። ስለ በሽተኛ ማውራት ክልክል ስለሆነ፣ አሁን የማወራላችሁን ሰው ማንነታቸው በማይታወቅበት መንገድ ነው የምነግራችሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሊጉ በጀመረ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ አዲስ በሽተኛ መጡ። ሀበሻ ናቸው፤ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው። አውራ ጣቶቻቸው ግን ከሌላው ሰውነታቸው ጋር የማይሄዱ፣ ወፍራምና ሰፋፊ ነበሩ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቫን ያመጣቸዋል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ደረሳቸው። ከእኔ በቀር አማርኛ የሚናገር ስላልነበረ እኔ እንድይዛቸው ተደረገ። ጋሼ እላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ጋሼ የሰው ፊት አያዩም ነበር። ሰው በበሩ ሲገባ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው፤ እግሩን ተከትለው እስከ ወንበሩ ይሸኙታል። መጀመሪያ የዓይን ችግር መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዷን ነርስ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ያቺ ልጅ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ በልጅነቷ ተሰብሯል» አሉ። «የገጠመላት ሰው ቸኩሏል።»

ነርሷ ከአምስት ዓመት በላይ አብራኝ ሠርታለች። አንድም ቀን ስታነክስ አይቻት አላውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። በዘጠኝ ዓመቷ ከትራምፖሊን ላይ ወድቃ ነበር። ባሏ እንኳ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ከየት እንደሰማሁ ስትጠይቀኝ ወሬውን ቀየርኩባት።

ወደ ጋሼ ተመልሼ፣ «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ወጌሻ ነበርኩ» አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ወጌሻ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት፣ አሰልጣኙ አሰላለፉን ከማውጣቱ በፊት፣ ልጆቹን ጫማ አስወልቀው በሲሚንቶ ላይ ያስራምዷቸው ነበር።

«ኳስ ሲመታ አይታወቅም» አሉኝ። «ሲራመድ ነው የሚታወቀው። ሰው ሲሮጥ ይዋሻል።»

በየወንበሩ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለ። ሰኞ የቅዳሜው ጨዋታ ይደገማል። እኔ የቡድኔን ልጆች ነገር በጨረፍታ ለማየት እከፍትላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንግሊዝኛ ሳያስፈልጋቸው የሚያዩት ሌላ ነገር ስላልነበረ ደስ ይላቸዋል። አንድ ሰኞ ጨዋታው አልቆ ተጫዋቾቹ እየተቃቀፉ ሲወጡ፣ የአንድ የደቡብ ክለብ አጥቂ ካሜራው ፊት አለፈ። ሁለት ጎል አግብቷል፤ ይስቃል። የኔ ካፒቴን ነበር።

«ይሄ ልጅ ቅዳሜ አይጫወትም» አሉ ጋሼ።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደል እንዴ?»

«ግራ ቋንጃው ሊሄድ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ስለ ጉዳት የተጻፈ ነገር የለም። ካፒቴንነቱንም አልነሳሁትም። ቅዳሜ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ፣ ብቻውን ከኳስ ኋላ ሲሮጥ፣ ከበስተኋላው በድንጋይ የመቱት ይመስል ታፋውን ያዘና ተንበረከከ። በአቅራቢያው ማንም አልነበረም።

ሰኞ ጋሼ ክብደታቸውን ተመዝነው እንደተቀመጡ ዜናውን ነገርኳቸው።

«ሄደ?» አሉ።

«ሄደ።»

አልተገረሙም። ክንዳቸውን ለመርፌው ዘረጉልኝና ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ሰኞን መጠበቅ ጀመርኩ። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። ምንም ሳይሉ የሚያልፉበት ሰኞ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ልጅ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲራመድ አይተው፣ «ይሄ» ይላሉ። «ብሽሽቱ።» ወይም፣ «ይሄ፤ ተረከዙ ነው። ግን ገና ነው፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል።» እንዳሉትም ሁለት ሳምንት ይቆያል። እኔ ዓርብ ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የተባለውን ልጅ አወጣና ሌላ አስገባለሁ። ከመጨረሻ ወደ ዘጠነኛ፣ ከዘጠነኛ ወደ አምስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ወጣሁ። ቴክስት በምንለዋወጥበት ግሩፕ ላይ አንዱ፣ «ኢንሳይደር አላት» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ ደወለልኝ።

«ሲሪየስሊ፣ ማን ነው የሚነግርሽ?»

«ማንም።»

«ሁሌ አንድ ቀን ቀድመሽ ነው የምታወጪያቸው።»

ክልክል ነው የሚለው ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ባይከለከልም አልነግረውም ነበር።

ቅዳሜ ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አንድ ጤነኛ ሰው እስኪወድቅ እጠብቃለሁ። ተንታኙ ያወራል፣ ሰዉ ይዘፍናል፣ ልጁ ይሮጣል። የሚሆነውን እኔና ቤድፎርድ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነን የምናውቀው። ልጁ ሳይወድቅ ሰባኛው ደቂቃ ሲደርስ እፎይ ማለት ሲገባኝ ይከነክነኝ ነበር፤ ቀጠሮ የያዝኩት ሰው ያረፈደብኝ ያህል። ይህንን ለራሴ ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። በመጨረሻ ግን ይወድቃል። ጋሼ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ሙቀቱ በጠነከረበት አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ትኬት አግኝቶ ስታዲየም ወሰደኝ። በዚያ ሳምንት ጋሼ የጠቆሙት ልጅ ከእንግዳው ቡድን ነበር፤ የመሐል ተጫዋች፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲያሟሙቅ እኛ ከተቀመጥንበት ጥግ አስር ሜትር እንኳ አይርቅም። በቴሌቪዥን ሳየው እንደ ሥዕል ነበር። እዚህ ግን ላቡ ይታየኛል፤ አንገቱ ላይ የፀሐይ ክሬም በደንብ ሳይታሽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ማሟሟቁን ሲጨርስ አጥሩ ላይ ወደተንጠለጠሉት ሕፃናት መጥቶ ማሊያቸው ላይ ፈረመላቸው። የአንዷ ሕፃን እስክሪብቶ አልጽፍ አለ። እጇ ላይ እያሸች እስክታሞቀው ድረስ ቆሞ ጠበቃት።

ተነስቼ ልጠራው አሰብኩ። ምን ልለው? ቤድፎርድ ውስጥ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሰው ቀኝ ጉልበትህ አይዘልቅም ብለዋል ልበለው? መልሼ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ወንድሜ።

«ሞቀኝ።»

ከእረፍት በኋላ፣ ስልሳኛው ደቂቃ ግድም፣ ልጁ ኳስ ሊቀበል ዞረ። እግሩ ሣሩ ላይ ቀረ፤ እሱ ዞረ። ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ። ከዚያ ርቀት እንደማይሰማ አውቃለሁ። ስታዲየሙ ባንዴ ጸጥ አለ፤ ከኋላችን ያለው ሰውዬ የበረዶ ኩባያውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። በዚያ ጸጥታ መሐል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። በልጁ ፋንታ ያስገባሁት ተጫዋች፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሜዳ ላይ፣ ጎል አግብቶልኝ ነበር። ልጁን በቃሬዛ ሲያወጡት ፊቱን በማሊያው ሸፍኖ ነበር። እኔ ነጥቤን አየሁ። አንደኛ ወጥቻለሁ።

ወንድሜ የስልኬን ስክሪን አየ፣ እኔን አየ። ወደ ቤት ስንመለስ ሙዚቃ አልከፈተም።

ሰኞ ማሽኑን አገናኝቼ የጋሼ ደም በቱቦው ዞሮ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እርስዎ ስላሉ ነው የሚወድቁት፣ ወይስ ስለሚወድቁ ነው የሚሉት?»

ቀልድ እንዲመስል ፈልጌ ነበር። ድምፄ ግን ቀልድ አልሆነልኝም። ተኝተዋል ብዬ ልሄድ ስል ነው የጀመሩት።

«አንድ ልጅ ነበረ። የግራ ክንፍ። እንደሱ ያለ ልጅ ቡድናችን ኖሮት አያውቅም። አንድ እሁድ ጠዋት በሲሚንቶው ላይ ሲራመድ አየሁት፤ ያየሁትን ለአሰልጣኙ ነገርኩ። አስቀረው። በሳምንቱም ያው ነው፤ ነገርኩ፤ አስቀረው። አራት ሳምንት እንደዚህ ሆነ። ልጁ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። ምንም አያመኝም፣ ዝም ብቻ ይበሉልኝ አለኝ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ አልኩት። በኋላ ቡድኑ አሰናበተው።»

«ከዚያስ፣ ተጎዳ?»

«የት ይጎዳል? አልተጫወተማ። መርካቶ ሱቅ ከፍቶ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲሸጥ አየው ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እነግራለሁ፣ እነሱም ሰምተው ያስቀራሉ። የቀረ ልጅ ደግሞ አይወድቅም። ስለዚህ ልክ ልሁን ስህተት አንድም ቀን አላወቅሁም። ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው።»

ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ።

«እነዚህ አይሰሙኝም። ስለዚህ ይወድቃሉ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ዓርብ ነበር። መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች ወንድሜ የሱን ቁልፍ ሊያመጣልኝ መጣ። በዚያው ሰዓት የቫኑ ሾፌር እጥበት የጨረሱትን ሊወስድ መጥቶ ኖሮ፣ በሩን ይዞለት ሁለቱ አንድ ላይ ገቡ። እኔም ቁልፉን ልቀበል ወደነሱ ሄድኩ። ሦስታችንም ከጋሼ ወንበር ፊት ለፊት ነበርን። ሁለት ቃል ተለዋውጠን ወንድሜ ሳይወጣ፣ ከኋላዬ ማሽን ጮኸ።

የጋሼ ማሽን ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ መርፌ ያለበትን ክንዳቸውን ሳይቀር ስላዞሩት ቱቦው ታጥፏል። ሮጬ ክንዳቸውን አቀናሁ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

«ምነው ጋሼ? ምን አገኘዎት?»

«ቴሌቪዥኑን አጥፊልኝ» አሉ።

ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

ሰኞ ሲመጡ ወንበር እንዲቀየርላቸው ጠየቁ፤ በሩ የማይታይበት ኋላ ጥግ ያለውን። ኳሱን ልክፈትልዎት ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ሰው እስኪርቅ ጠብቄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ ዓርብ ምን አዩ? ይንገሩኝ። ወንድሜ ነው?»

«ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ።»

«ወንድሜ ከሆነ ይንገሩኝ። ሌላ ወንድም የለኝም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወዲያ እስኪነሱ ድረስ አልገለጡትም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ወንድሜ አፓርትመንት ሄድኩ። ወንድሜ ትልቅ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዶ ይመለሳል፣ እሁድ ደግሞ ኳስ ይጫወታል። በሩን እንደከፈተልኝ ጫማውን እንዲያወልቅ ነገርኩት።

«ለምን?»

«ወደ ኪችኑ ተራመድ። ከዚያ ተመለስ።»

«አር ዩ ኦኬ?»

«ተራመድ ብዬሃለሁ።»

ተራመደ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ምንም አልታየኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው አረማመድ ነው፤ ትንሽ ወደ ጎን የሚወዛወዝ።

«የሚያምህ ቦታ አለ?»

«የለም። ማለቴ ግራ ባቴን ትንሽ ይዞኛል፤ ከእሁዱ ኳስ ነው። ናቲንግ።»

ሁለቱንም ባቶቹን በመዳፌ ያዝኳቸው። ግራው ይሞቃል። ገመድ አምጥቼ ለካሁት፤ ግራው ከቀኙ ወፍሯል። ይህንን ለማወቅ ወጌሻ መሆን አያስፈልግም፤ በሥራዬ ደጋግሜ የተማርኩት ነገር ነው። ኢመርጀንሲ እንሂድ ስለው ለግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ነገ ጠዋት ጭነት አለብኝ አለ። አንደኛ ስለወጣሽ ዶክተር የሆንሽ መሰለሽ አለ። ካልሄድን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንደምደውል ስነግረው ጫማውን አጠለቀ።

በአልትራሳውንድ አዩት። ባቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ «ነገ ጠዋት ያን ያህል ሰዓት ተቀምጠህ ብትነዳና ወደ ሳንባህ ቢሄድ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ወደኔ ዞራ አልጨረሰችውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጀመሩለት። ለጊዜው መንዳትም ኳስም የለም ተባለ። ወደ ቤቱ ስወስደው መንገዱን ሙሉ እጄን ይዞት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼን በር ላይ ጠበቅኋቸው። የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

«እግዜር ይመስገን» አሉ። «እሰየው። ግን እኔ ወንድምሽን አላየሁትም።»

«እንዴት አላዩትም? ዓርብ እኮ...»

«መጥቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ባቱን አላየሁበትም። ሽማግሌ ነኝ፤ ሁሉንም አላይም።»

«ታዲያ ፊትዎን ያዞሩት?»

ያኔ ገባኝ። በሩ ላይ ሦስት ነበርን። ወንድሜ ካልሆነ የቫኑ ሾፌር ነው፣ ሾፌሩ ካልሆነ እኔ ነኝ። ቀና ስል ጋሼ ፊቴን እያዩኝ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ወራት ፊቴን እንደዚያ አይተውት አያውቁም። እግሬን ላለማየት የሚጠነቀቁ ሰው አስተያየት ነበር።

«ማንን እንዳዩ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ከነገርኩት ሰውዬው አረማመዱን ይለውጣል። ራሱን እያየ መራመድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እኔም አላነበውም፣ እሱም ሰላም የለውም።» እጄን ለቀቁት። «አንድ ልጅ ከሜዳ አስቀርቻለሁ። ይበቃኛል።»

ከማዕከላችን እስኪዛወሩ በቀሩት ሳምንታት ጋሼ እኔ ስመጣ ዓይናቸውን ከፊቴ አይነቅሉም ነበር። ሌላው ሰው ይሄንን እንደ ፍቅር ያየው ይሆናል። እኔ ግን ከወንበር ወንበር ስሄድ ጫማዬ ወለሉን ሲነካ ድምፁን መስማት ጀመርኩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አንዳንዴ ግራው የዘገየ ይመስለኛል። ቆም እላለሁ። እንደገና እጀምራለሁ።

ዳሌዬን ያመኛል ብዬ ዋሽቼ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኤክስሬይ አነሱኝ፣ ደሜን መረመሩ፣ እንደ ሾፌር ረጅም ሰዓት እቀመጣለሁ ብዬ እግሬን በአልትራሳውንድ አሳየሁ። ምንም የለም። የቫኑን ሾፌርም አንድ ቀን በሩ ላይ አስቁሜ ቼክአፕ ካደረግህ ስንት ጊዜ ሆነህ አልኩት። ትልቅ ሆዱን እየደባበሰ ሳቀ። ሚስቱ ያዘዘችኝ መሰለው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ሄዶ ታየ፤ ደህና ነህ ብለውታል። አሁንም ቫኑን እየነዳ ይመጣል። አሁንም ሲገባ በሩን ለሰው ይይዛል።

የሊጉን ነገር ተውኩት። ቡድኔን ከስታዲየሙ ቅዳሜ በኋላ አልነካሁትም፤ የተጎዱትም ያልተጎዱትም እንዳሉ ቀሩ። ወንድሜ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ቤት ውሎ ስለነበር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ በመጨረሻው ሳምንት በጥቂት ነጥብ በልጦ አሸነፈ። እኔ አራተኛ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰውዬው ማን እንደሆኑ ብቻ አልነገርኩትም። ሰምቶ ሲጨርስ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሶ አንቺ ነሽ ወይስ ሾፌሩ?»

«አላውቅም።»

«ኦኬ» አለ። ሲሸኘኝ ግን ከኋላዬ ቆሞ እስከ መኪናዬ ድረስ ስሄድ እንደሚያየኝ አውቄ ነበር።

ጋሼ ዓመቱ ሳያልቅ ሄዱ። ልጃቸው ዋይሊ በምትባል ከተማ ቤት ገዝታ ስለነበር ወደዚያ ይዛቸው ልትሄድ ነው፤ እጥበቱንም እዚያው አቅራቢያ እንዲያደርጉ አዛወረቻቸው። የመጨረሻው ቀን ልጃቸው ራሷ መጣች። ፈጣን እንግሊዝኛና የተሰባበረ አማርኛ የምትናገር፣ ደግ ሴት ናት። ወረቀቶቹን ስትፈርም ጋሼን እኔ ይዣቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ክንዳቸውን ከእጄ አወጡ።

«አንቺ ከኋላ ሁኚ» አሉኝ።

በዝግታ ወደ በሩ ተራመዱ። ከኋላቸው ቆሜ አየኋቸው። በሩ ጋ ደርሰው ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ምን አየሽ?»

«ምንም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። አንድ ሽማግሌ ሲራመድ ነው ያየሁት።

«ጎሽ» አሉ። «እንደዚያው ሁኚ።»

ከሄዱ አሁን ዓመት አልፏል። ደህና ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ የሌላ ማዕከል በሽተኛ ፋይል ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ ለልጃቸውም አልደወልኩም። ወንድሜ ባለፈው ጸደይ ተሻለህ ተብሎ ወደ ኳሱ ተመለሰ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋርላንድ ፓርክ ሲጫወቱ አብሬ እሄዳለሁ፤ ውሃና ብርቱካን ይዤ። ታጣፊ ወንበሬን ግን ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ነው የምዘረጋው። ፊት ለፊቴ ፓርኪንጉና የመኪናዎቹ መስተዋት አለ። ኳሱን በድምፅ እከታተላለሁ፤ ሲመታ፣ ሲጠራሩ፣ ሲነጫነጩ። አንዳንዴ ባንድ ጊዜ ሁሉም ዝም ይላሉ። ኳሱ መንገድ ተሻግሮ ሄዶ ይሆናል፣ ወይም አንዱ የጫማውን ክር እያሰረ ይሆናል። እኔ አልዞርም። የወንበሩን እጀታ አጥብቄ ይዤ፣ አንድ ሰው እስኪናገር እጠብቃለሁ።